የቀበሮ ጭራ ያረፈበት ጫማ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ስልክ ይዘው፣ ከስልኩ ግን ብዙም ሳይማሩ በሚኖሩበት ዘመን፣ ደጋ ላይ አንዲት አህያ ነበረች። ወጣት አይደለችም። በሰው እጅ ሳለች አራት ጊዜ ገበያ ወጥታ ተሸጣለች፤ በመጨረሻም ጌታዋ አርጅታለች ብሎ ሲለቃት ከእንስሳቱ መንደር ገባች። ፈጣንም ቁጡም አይደለችም። መንደሩ ስለ እሷ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ብዙ እንደማታስብ ነበር። በዚህ ላይ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

የደጋው ሣር በበጋ መጨረሻ ያልቃል። ያን ጊዜ እንስሳቱ ሰልፍ ይዘው በገደሉ መንገድ ወደ ቆላው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ዝናብ እስኪመጣም የወንዙን ዳር ሣር እየበሉ ይቆያሉ። ሰልፉን የሚመራው አንበሳ ነው። የአንበሳ ሕግ አጭር ነው፦ በሰልፉ ውስጥ የሚሄደውን ማንም አይነካውም፤ ከሰልፉ የቀረውን ግን አንበሳ ዞሮ አያይም። የቀረውን ዞሮ የሚያየው ማን እንደሆነ ለመንደሩ መንገር አያስፈልግም። በየዓመቱ አያ ጅቦ ከሰልፉ ኋላ እያነከሰ ይከተላል፤ በየዓመቱም ሳይበላ ተመልሶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት የአህያዋ የፊት ቀኝ ሰኮና ተሰነጠቀ። ሜዳ ላይ ስትሄድ ያማታል፤ የገደሉን ድንጋይማ እንደማትችለው ራሷም አውቃዋለች። ደጋው ላይ ብትቀር በረሃብ ትሞታለች፣ ብትወርድ ደግሞ መንገድ ላይ ትቀራለች። ሰልፉ ሊነሳ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አህያዋ ፈራች፤ ሣር መጋጥ እንኳ አስጠላት።

«ጫማ እዘዢ» አለቻት ጦጣ። ጦጣ የመንደሩን ስልክ ሁሉ የምታስተካክል፣ ያልተጠየቀችውንም የምትመልስ ነበረች። «ከወንዙ ማዶ ባለችው የገበያ ከተማ ጋሽ ቀበሮ የሚባል የስኒከር ነጋዴ አለ። በስልክ ታዢዋለሽ። እሱ ጫማውን ከመጋዘን አውጥቶ ፎቶ ያነሳና ይልክልሻል። አይተሽ ‹ይለፍ› ካልሽ ንስር ተሸክሞ ያመጣልሻል፤ ‹ይመለስ› ካልሽ ሌላ ይፈልግልሻል።»

«ከመጣ በኋላ ባይሆነኝስ?»

«እሱ ላይ ነው ነገሩ። ንስሩ ከመጋዘን ከተነሳ በኋላ መመለስ የለም። ያመጣልሽ የአንቺ ነው።»

አህያዋ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ገብስ ሁሉ ለጫማው ልትሰጥ ተስማማች። ለእርሷ ከዚህ የከፋ ቀን አይመጣም። አራት እግር ያለው ሁለት ጥንድ ይገዛልና ሁለት ጥንድ አዘዘች።

በሦስተኛው ቀን አምስት ፎቶ መጣ። ወሬው ከፎቶው ቀድሞ ደርሶ ስለነበር መንደሩ በሙሉ ኩሬው ዳር ተሰብስቦ አንዲት ስልክ ላይ አንገቱን አሰገገ። ጫማው ነጭ ነው፤ በጎኑ ቀይ መስመር ተዘርግቶበታል፤ ክሩ እንኳ ያብለጨልጫል።

«ይህን አድርገሽ እንዴት ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ» አለች ፍየል። «ልናፍር እኮ ነው።»

«ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል እንጂ ሌላ እንከን የለውም» አለች ጦጣ።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ትከሻውን እየነቀነቀ መጣ። ፍየል ወደ ጦጣ ኋላ ሸሸች።

«እስቲ አሳዩኝ። ጫማ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ጫማ ከየት ታውቃለህ፣ አያ ጅቦ?» አለች ፍየል ከጦጣ ጀርባ ሆና።

«ስንቱን በልቻለሁ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል። ይኸኛው በሚያውቁት አገር ነው ያለው፤ የሚገርመው ደግሞ ተነጠፈለት። ሁሉም ቦታ ለቀቁለት። አፍንጫውን እስክሪኑ ላይ ደቅኖ ብዙ ቆየ፤ ምራቁ ሲንጠባጠብ ጦጣ በቅጠል ጠረገችው።

«ቆዳው ለስላሳ ነው» አለ በመጨረሻ። «ውፍረቱም ደህና ነው። እትዬ አህያ፣ ውለሽ አትደሪ፣ ይለፍ በዪ። ሌላ ሰው ይቀድምሻል።»

«ይለፍ በዪ» አለች ፍየልም። ከጅብ ጋር በአንድ ሐሳብ ስትስማማ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

አህያዋ ስልኩን ተቀብላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። በአምስቱም ላይ የቀበሮ ጭራ አለ። ቀላ ያለ፣ የተበጠረ፣ የሚያምር ጭራ ነው። አንዱ ላይ እንደ ዘበት የወደቀ ይመስላል፤ ሌላው ላይ ጫማውን አቅፎታል። በአምስቱም ግን ያረፈው ግራው ጫማ ተረከዝ ላይ ነው።

«ይኼ ጭራ ምን ያደርጋል?» አለች።

«ለማሳመር ነው» አለች ጦጣ። «አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያነሳው።»

«ነገ እነግራችኋለሁ» ብላ አህያዋ ስልኳን ይዛ ሄደች። ከኋላዋ ሳቅ ተሰማ። የተሰነጠቀ ሰኮና ይዞ ጫማ ማማረጥ ምን የሚሉት ነው አሉ።

ጥግ ይዛ ቆመችና አሰበች። አዎ፣ ታስባለች። ትዝ ያላት ለሦስተኛ ጊዜ ልትሸጥ የወጣችበት ገበያ ነው። ያን ጊዜ ጀርባዋ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጭነት የላጠው ቁስል ነበረባት። ሻጭዋ ከጠዋት ጀምሮ በግራዋ ቆሞ፣ ክንዱን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጎ ዋለ። ገዢዎች እየመጡ አፏን ከፍተው ጥርሷን ቆጠሩ፤ እግሯን አንስተው ሰኮናዋን አዩ። «እንዴት ይወዳታል» እያሉ በእሱም ተገረሙ። እሷም ራሷ ትንሽ የተወደደች መስሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት እጀ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች የገጠር ሴት መጣች። ጥርስም ሰኮናም ሳታይ ሰውዬውን ብቻ አየችውና «ክንድህን አንሳ» አለችው። አህያዋ ያን ቀን ሳትሸጥ ተመለሰች። ሻጭ ሁልጊዜ የሚቆመው ቁስሉ ባለበት በኩል ነው። ይህን አህያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠያቂ ስለሌለ ብቻ ሳይነገር ይኖራል።

እሷ ይህን ስታስብ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኖ ፎቶ ያነሳት ነበር። አንዱን በሰፊው ጎኗ በኩል፣ አንዱን የተሰነጠቀውን ሰኮና ብቻ። ከዚያ ቆላ ለሚኖሩ ዘመዶቹ ላከው። «ሰልፉ በሚወርድበት ቀን ገደሉ ሥር ድግስ አለኝ። ድግሱ ይቺ ናት። ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ» ብሎ ጻፈበት። ዘመዶቹ ፎቶውን ተቀባበሉት። ያዩት ዳሌዋን ነው። «መጣን» አሉ አሥራ አንዱም።

በማግሥቱ ጠዋት አህያዋ ለቀበሮ ደወለች።

«ጋሽ ቀበሮ፣ እንደምን አደሩ። ጫማው ያምራል። ጭራዎን ሰብስበው እንደገና ፎቶ ያንሱልኝ።»

«ጭራዬ? እሱማ ለውበት ነው፣ እናቴ። ደንበኛ ሁሉ ይወደዋል።»

«እኔም ወድጄዋለሁ። እሱን ግን አላዘዝኩም።»

ቀበሮ ሳቀና ሌላ ፎቶ ላከ። ጭራው የለም፤ ተረከዙ ግን ጥላ ውስጥ ገብቷል።

«ጨልሞብኛል። ወደ ፀሐይ ያውጡልኝ» አለች።

ወጣ። አሁን ደግሞ ፎቶው የተነሳው ከሩቅ ነው፤ ጫማው ከአንድ የገብስ ፍሬ አይበልጥም።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ቀረብ ያድርጉት።»

«እናቴ» አለ ቀበሮ፣ ድምፁ እንደተከፋ ሰው ዝቅ ብሎ፣ «ሌላው ደንበኛ አንድ ፎቶ አይቶ ይለፍ ይላል። አንቺ እኔን አላመንሽኝም። ሁለት ገዢ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ፍጠኚ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ሰምቼ ነው፣ ጋሽ ቀበሮ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባልም ሰምቻለሁ። ቀረብ ያድርጉልኝ።»

ቀበሮ ቀረብ አደረገው። ተረከዙን ከሶሉ ጋር የሚያያይዘው መስመር ላይ ቢጫ ማስቲሽ ፈሶ ደርቋል። ተላቆ የነበረ፣ ተመልሶ የተለጠፈ ጫማ ነው። ከማስቲሹ በላይ ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ ይታያል።

«በዚያች ስንጥቅ የሣር ዘንግ ያስገቡና ፎቶ ያንሱልኝ» አለች።

ቀበሮ እኩለ ቀን ላይ ደወለ።

«እሱንማ ፎቶ ማንሳት አያስፈልግም» አለ። «ይገባል።»

«እንግዲያው ይመለስ።»

ቀበሮ ነጩን ጫማ ጭራውን አልብሶ ለሌላ ገዢ ፎቶ አነሳው። የንግድ ነገር ነው፤ አልተቀየማትም። አህያዋ ግን ስምንት ቀን ብቻ ቀርቷት ጫማ የላትም፤ መንደሩም ሰማ።

«መልኩ አስጠልቶሽ ነው ወይስ ጆሮሽ ላይ ልታደርጊው ነበር?» አለቻት ፍየል።

አህያዋ እያነከሰች አለፈቻት። ሰኮናዋ እስከ ጉልበቷ ይወጋት ጀምሯል። ምነው ይለፍ ባልኩ ብላ ያሰበችበት ሰዓት ነበር፤ አንድ ሳይሆን ብዙ።

ከሁለት ቀን በኋላ ቀበሮ ደወለ።

«እናቴ፣ በአንቺ ቁጥር የቀረኝ አንድ ዓይነት ነው። ላሳይሽ ግን አፍራለሁ።»

«ይፈሩና ያሳዩኝ።»

አሥር ፎቶ በአንድ ጊዜ መጣ። ቀበሮ ይህን ጫማ ይሸጣል ብሎ ስላላሰበ ምንም ሊሸፍን አልደከመም። መልኩ የጭቃ ነው። የጎኑ ስፌት ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። ጫፉ ላይ ማስቲሽ ተንጠባጥቦ ጠብታው ሳይጠረግ ደርቋል። ክሩ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ጥቁር ነው። የቀበሮ ጭራ ግን በአሥሩም ፎቶ ላይ የለም።

አህያዋ ይህን አይታ ልቧ ትንሽ ረጋ። ቢሆንም አላመነችም፤ ጭራ የሌለበት ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

«ይገልብጡልኝ» አለች። ሶሉ ታየ፤ ዙሪያውን ሁለቴ ተሰፍቷል። «ያጥፉልኝ» አለች። ቀበሮ በሁለት እጁ አጠፈው፤ አልተላቀቀም። «እጅዎን ውስጡ ያስገቡልኝ» አለች። ገባ፤ ውስጡ የሚወጋ ምስማር የለውም። «ሁለት የበቆሎ እሸት ጎን ለጎን ያስገቡበት» አለች። የሰኮናዋ ስፋት ሁለት እሸት ነው። ቀበሮ እሸት ፍለጋ ወጥቶ ተመለሰና እያለከለከ አስገባ። በቀሩት ሦስቱም ጫማዎች ላይ እንዲሁ አደረገ።

«ሌላስ? ልዘፍንለት ወይ?» አለ።

«አይ። ምላሱን ይንከሱት።»

«ምን?»

«የጫማውን ምላስ፣ ክሩ ሥር ያለውን። የአራቱንም። ሲሸጡኝ ገዢ ከጆሮዬ ጸጉር ቆርጦ ይይዝ ነበር፣ በሌላ እንዳይለውጡኝ። እኔ ደግሞ የእርስዎን ጥርስ እይዛለሁ።»

ቀበሮ ነጩን ጫማ በጭቃ መልኩ ጫማ ካርቶን አሽጎ ለመላክ አስቦ እንደሆነ እኛ አናውቅም። አራቱንም ሲነክስ ግን ፊቱ ጥሩ አልነበረም። የጥርሱ ምልክት ያለበትን ፎቶ ላከ።

«ይለፍ» አለች አህያዋ።

ሰልፉ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ንስሩ ካርቶኑን ጥሎላት፣ ገብሱን አንስቶ ሄደ። የጥርሱ ምልክት አራቱም ላይ አለ። ስታደርገው ግን መንደሩ በሳቅ ወደቀ። ጦጣ ከዛፍ ለመውረድ ተቸገረች። ፍየል «በአሥር ፎቶ የተመረጠው ይኼ ነው?» አለች። አህያዋ አፈረች፤ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ወደ ዳር ወጣች።

አያ ጅቦም መጥቶ ዙሪያውን አየው። የተጣመመውን ስፌት አየ፣ የተንጠባጠበውን ማስቲሽ አየ፣ ክሩን አየ። ደስታውን መደበቅ አቅቶት እያነከሰ ሮጠና ለዘመዶቹ መልእክት ላከ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ጫማ የገደሉን አጋማሽ አያልፍም። በጠዋት ኑ።»

ሶሉን ገልብጦ አላየም። ገልብጠህ እይ ያለውም የለም።

በማግሥቱ ፀሐይ ገና ሳትበረታ ሰልፉ መውረድ ጀመረ። ከፊት አንበሳ፣ ከኋላው በሬዎች፣ ከዚያ በጎች፣ ከዚያ ፍየልና ጀርባዋ ላይ የተቀመጠችው ጦጣ። መጨረሻ ላይ አህያዋ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ድንጋዩ ስለታም ነው። ሰኮናዋ አልዳነም፤ ያማታል። ድንጋዩ ግን አይደርስበትም። አንድ እርምጃ ወርዳ ትቆማለች፣ ጫማዋን ታያለች፣ ሌላ እርምጃ ትወርዳለች። ከፊቷ ያለችው ፍየል ስትርቅባት ልቧ ይደነግጣል፤ ጥርሷን ነክሳ ትደርስባታለች።

ገደሉ ሥር፣ መንገዱ እጅግ ቁልቁል በሚሆንበት ቦታ፣ አያ ጅቦና አሥራ አንድ ዘመዶቹ ከቋጥኝ ኋላ ተኝተዋል። ዘመዶቹ ሦስት ወንዝ ተሻግረው የመጡ ናቸው። ለድግሱ ብለው ሁለት ቀን አልበሉም።

«ያችውላችሁ» አለ አያ ጅቦ። «ያንን ሹል ድንጋይ ስትረግጥ ይላቀቃል።»

አህያዋ ድንጋዩን ረገጠች። አልተላቀቀም።

«ይኼኛው ላይ ነው» አለ።

አልተላቀቀም።

«አሁን። አሁን ነው።»

አህያዋ በቋጥኙ አጠገብ አለፈች። ከቅርበቷ የተነሳ የጫማዋ ጫፍ ላይ ያለውን የማስቲሽ ጠብታ ለመቁጠር ይቻል ነበር። ዘመዶቹ ምራቃቸውን እየዋጡ በዓይናቸው ሸኟት። ከሰልፉ አልወጣችም፤ አንበሳ ደግሞ ከፊት አለ።

ወንዙ ዳር ደርሳ እግሯን ከነጫማው ውሃ ውስጥ አቆመች። አጎንብሳ ጠጣች፤ ከዚያ ከዳሩ አንድ ጉንጭ ለምለም ሣር ነጨች። ደስ አላት። ፍየል አጠገቧ መጥታ ጫማውን ዝቅ ብላ አየችና «የት ነበር ያዘዝሽው?» አለቻት፤ እንደ ቀላል ነገር።

ከቋጥኙ ኋላ ያለው ጉዳይ ግን አላለቀም።

«ምግቡስ?» አለ የአያ ጅቦ አጎት።

«ጫማው አሳሳተኝ። ሲያዩት የሚላቀቅ ይመስል ነበር።»

«ጫማ ማን ጠየቀህ?» አለች አክስቱ። «ሥጋ ብለህ ነው የጠራኸን።»

«ፎቶውን እኮ አይታችኋል። እሺ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

አሥራ አንዱ ጅቦች ወንዙ ዳር የሚግጠውን መንጋ አዩ፤ መንጋው መሐል የተኛውን አንበሳ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ባለ ድግሱ መለሱ። በየዓመቱ ከሰልፉ የቀረውን ብቻውን ሲበላ የኖረ ነው። አክስቱ ከጆሮው እስከ ጭራው በዝግታ አየችው፤ በፊትም በኋላም ዞራ አየችው።

«ለመሆኑ» አለችው፣ «አንተ ራስህ ወፈር ብለሃል።»

የቆላ ጅቦች ጠግበው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚህ የምንማረው ዕቃን በፎቶ አይቶ የሚገዛ ሁሉ ሻጩ ያሳመረለትን ሳይሆን የሸፈነበትን ቦታ መመርመር እንዳለበት፣ በዓይን የሚታይ ጉድለትም የተደበቀውን ያህል እንደማይጎዳ ነው።